መመሪያ የመረቀው ገበሬ

አንድ የቲማቲም ገበሬ ነበረ።

ቆይ ትርንጎ፣ አትቸኩዪ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ጉልበቴ ቢደክም ጆሮዬ ደህና ነው። «የኔታ፣ ድንች አምራቾቹ መርጠው ከተማ ለስብሰባ ሊልኩኝ ነው። ጠርተው ባከበሩኝ፣ አብልተው ባጠጡኝ ሰዎች ፊት ቅሬታ ማንሳት ነውር አይሆንብኝም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ነውር ነው ወይም ነውር አይደለም ብዬ በአንድ ቃል ላሰናብትሽ እችል ነበር። ግን የሽማግሌ ነገር፣ ያለ ምሳሌ አይሆንልኝም። የገበሬውን ነገር ልንገርሽና ከዚያ አንቺው ፍረጂ።

ይህ ገበሬ ከወንዝ ዳር አንድ ጥማድ የምትሆን መሬት ነበረችው። ሀብታም አይባልም፤ ከሰው ደጅም አይቆምም። በአገሩ የታወቀው በማሳው ሳይሆን በምርቃቱ ነበር። ሰርግ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ እሱ ተነስቶ ካልመረቀ ሰው ከተቀመጠበት አይነሳም። ድምፁ ለስላሳ፣ ቃሉ የተመረጠ፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ጨዋ የሚባል ዓይነት ሰው ነበር። በዕድሜው ለማንም ሰው ፊት ለፊት «እምቢ» ብሎ አያውቅም። እኛም በዚህ ስናደንቀው ኖርን።

ያኔ እኔም የምኖርበት የዚያ ቀበሌ ሰው ኑሮው ቲማቲም ነው። በመስኖ ያለማል፤ ሲቀላ ነጋዴ በአይሱዙ ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ዋጋው አንዱን ዓመት ሰማይ ነው፣ ሌላውን ዓመት መሬት። በዚህ መሃል ከከተማው ጫፍ ላይ ቲማቲም ጨምቆ ድልህ የሚያወጣ ፋብሪካ ተሠራ። ፋብሪካው፣ መንግሥትና ገበሬው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሥሩ ተባለ። «አጋርነት» አሉት። ገበሬው «ባለድርሻ አካል» የሚል ማዕረግ ተጨመረለት። እሰየው ነው፤ እኔ አጋርነትን አልጠላም። ሁለት ሰው ካልተጋገዘ አጥር እንኳ አይቆምም።

አጋርነቱ ግን መመሪያ ያስፈልገው ነበርና ረቂቁ ለቀበሌው መጣ። የግብርና ባለሙያዋ አነበበችልን። ፋብሪካው የተመረጠ ችግኝ ይሰጣል፤ ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ገበሬው ማሳውን ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ኩታ ገጠም አድርጎ ያለማል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ እንዲህ የሚል መጣ፦ ውል የገባ አምራች ምርቱን ለፋብሪካው ብቻ ያስረክባል፤ ለሌላ ሲሸጥ የተገኘ ጭነት ኬላ ላይ ይያዛል።

ይህን ጊዜ አንዲት መበለት ተነሳች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማሳዋን ራሷ ታርሳለች፣ ሞተሩን ራሷ ታስነሳለች። ያላትን አንዲት የወተት ላም የሸጠችው ለዚያ ዓመት መስኖ ነዳጅና ማዳበሪያ ለመግዛት ነበር።

«ችግኙ መልካም ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ አልጠላሁም» አለች። «ግን ቲማቲም እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም። ከቀላ ወዲያ የሦስት ቀን ዕድሜ ነው ያለው። ፋብሪካው በሦስት ቀን ውስጥ መጥቶ ካላነሳልን ለፈለግነው እንድንሸጥ ይፈቀድልን። ይቺን አንዲት ቃል ያስገቡልን፤ ሌላው እንዳለ ይሁን።»

ሰው ሁሉ «እውነቷን ነው» አለ። የተከራከረ የለም። ክርክሩ የተነሳው ማን ይሂድ ሲባል ነው። አንድ አፈ ሻካራ ሰው ነበረና «እኔን ላኩኝ፤ ጠረጴዛ መትቼ ነው የምነግራቸው» አለ። ሳቅንበት። «አንተማ ገና ከበር ስትገባ ታጣላናለህ» አልነው። ትልቅ ሰው ፊት የሚላከው ጨዋ ነው፤ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ሰው የማያስቀይም ነው ብለን ያን መራቂውን ገበሬ መረጥን። ደስ አለው። ደስ የማይለው ማን አለ?

ሲበተን መበለቲቱ መንገድ ላይ ጠብቃ የገበሬውን ጋቢ ጫፍ ያዘች።

«አያ ቢራራ፣ እኔ ማሳዬን በሁለት ልከፍል ነበር። ግማሹን ቲማቲም፣ ግማሹን በቆሎ፤ አንዱ ቢከዳኝ አንዱ ነፍሴን ይዞ ያቆየኛል ብዬ። ያቺ ቃል ከገባች ግን አልፈራም፤ ሙሉውን ቲማቲም አደርገዋለሁ። ላሜን የምመልሰው እንዲያ ካደረግሁ ብቻ ነው። አደራዎን። በምድርም አደራ፣ በሰማይም አደራ።»

«አይዞሽ፣ የእኔ እህት» አላት። «አንዲት ቃል አይደለች? ከዚህ እስከ ከተማ ብሸከማት ታደክመኛለች?»

በስብሰባው ቀን እሱና ሦስት አጃቢዎች ሆነን ሄድን። መኪና ላይ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሦስት ቀን፤ ካላነሳችሁ ለፈለግነው» እያለ ያጠናል። ስንወርድ «እስቲ እንዴት ይመስላል?» ብሎ ነገረን፤ «በጣም ጥሩ ነው» አልነው። ጥሩም ነበር። እዚያው መኪናው ውስጥ ስብሰባው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ምሳሌ አልነግርሽም።

አዳራሹ ውስጥ የፊት ወንበር ሰጡት። ስሙ የተጻፈበት ካርድ በአንገቱ አጠለቁለት፤ ከፊቱ የታሸገ ውሃ አቆሙለት። የግብርና ቢሮው ኃላፊ ተናገረ፣ ሌላው ተናገረ፣ ከሩቅ የመጣ አጥኚ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራ ተናገረ። በፕሮግራሙ የገበሬው ተራ ከምሳ በፊት ነበር። ንግግሩ እየረዘመ ሄደና መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ «የአርሶ አደሩን አስተያየት ከምሳ በኋላ እንሰማለን» አለ። እንግዲህ እዚህ ጋ ልብ በይልኝ። በክፋት አላደረገውም፤ እርቦት ነው።

ምሳ ቀረበ። እኛ የገጠር ሰዎች ከጥግ ሰብሰብ ብለን ቆመን ሳለ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ራሱ መጣ። ዕድሜው የገበሬውን ልጅ ቢያህል ነው። ሱፍ የለበሰ፣ ፊቱ ሳቂታ። ከአስተናጋጇ እጅ ማስታጠቢያውን ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ገበሬውን አስታጠበው። ገበሬው «ኧረ ልጄ፣ ኧረ በሞትኩት፣ አይሆንም» እያለ አፈረ። አስታጠበው እንጂ! ወስዶም ከራሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠው። ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰው። «አንድ ያጣላል» ብሎ ደገመው። «እርስዎን ሳይ አባቴ ናቸው ትዝ የሚሉኝ፤ እሳቸውም ገበሬ ነበሩ» አለው። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። የውሸት አልነበረም፤ እኔ ቅርብ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

ኋላ ራሱ ገበሬው እንደነገረኝ፣ ያቺ የጎረሳት ጉርሻ ናት ከጉሮሮው አልወርድ ያለችው። እህሏማ ወርዳለች። ግን ከዚያ በኋላ ያን ሰው ቀና ብሎ ባየው ቁጥር «የበላሁበትን ወጪት ልሰብር ነው?» የሚል ሐሳብ ይመላለስበት ጀመር። በእኛ አገር ወጪት ሰባሪ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ሌባ አንዳንዴ ርቦት ነው ይባልለታል። ወጪት ሰባሪ ግን ጠግቦ ነው።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞላ። መድረክ መሪው ረቂቁን ከፍ አድርጎ ይዞ «አባታችን፣ እንግዲህ መድረኩ የእርስዎ ነው። ከአርሶ አደሩ ወገን የሚጨመር፣ የሚቀነስ ካለ ይንገሩን፤ ዛሬ ያልገባ ነገር ወደፊት ለማስገባት ይከብዳል» አለ። በግልጽ ነው የጠየቀው። እኔ እስከ ዛሬ ያን ሰውዬ ጥፋተኛ ላደርገው ስሞክር ይቺ ጥያቄው ናት የምታሸንፈኝ።

ገበሬው ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። ማይክራፎኑን አቀበሉት። ቃሏ አፉ ላይ ነበረች፤ «ሦስት ቀን» የምትለው። ቀና ሲል ሥራ አስኪያጁ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ፈገግ አለለት፤ አባቱን የሚያይ ይመስል ነበር። ገበሬው በመጀመሪያ አመስግኜ፣ መርቄ፣ ከዚያ እናገራለሁ ብሎ አሰበ። የለመደው መንገድ እሱ ነዋ!

«እንግዲህ» አለ፣ «በሰላም ያገናኘን አምላክ ይመስገን።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

«ፋብሪካውን ያለምልመው። ለሹሞቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እንዲህ አክብራችሁ የጠራችሁን፣ በእጃችሁ ያጎረሳችሁን፣ እጃችሁ አይንጠፍ። የሰጣችሁን ችግኝ ይጽደቅ፤ የጻፋችሁት ይባረክ። ፍቅራችንን ያዝልቀው።»

አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ምን ያደርጋል፣ ምርቃቱ ያምር ነበር። ሱፍ የለበሰውም ነጠላ የለበሰውም ተነስቶ ነው የተቀበለው። እኔም አሜን አልኩ። ያቺን የሦስት ቀን ቃል በልቤ እያወቅኋት፣ «ቢራራ፣ የቀረች አለች» ማለት እየቻልኩ፣ እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ከጎኔ ያሉት ሁለቱም እንደዚያው።

ጭብጨባው ሲቆም ገበሬው ማይክራፎኑን እንደያዘ ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ምርቃት በኋላ «ግን» ማለት አቃተው። ማርና ሬት በአንድ አፍ እንዴት ይወጣል ብሎ አሰበ። መድረክ መሪው ትንሽ ጠበቀውና «የአርሶ አደሩ ወገን ከነምርቃቱ ተቀብሎታል፤ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ» አለ። ገበሬው ማይክራፎኑን መልሶ ተቀመጠ።

ህሊናው ግን አላስቀመጠውም። ሲበተን ሥራ አስኪያጁን እስከ መኪናው ድረስ ተከትሎት «ልጄ፣ ምናልባት መኪናችሁ አንዳንዴ ቢዘገይ...» ብሎ ጀመረ። ወጣቱ ሳያስጨርሰው ትከሻውን ይዞ «አይዞዎት አባቴ፣ እኛ እያለን ምን ይሆናሉ?» አለው። ገበሬው «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በልቡም ነገርኩት፣ ቃልም ሰጠኝ ብሎ ራሱን አባበለ።

ወደ ቀበሌያችን ስንመለስ መበለቲቱ ከመኪና ማቆሚያው ቆማ ትጠብቅ ነበር።

«ገባች?» አለችው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ «አዎ» ወይም «አልገባችም» ነው የሚባለው። እሱ ግን ሰው ማስቀየም አያውቅም አላልኩሽም? «ተነጋግረናል፤ አይዞሽ፣ ደህና ሰዎች ናቸው» አላት። እሷም እልል አለች። በሳምንቱ ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር ቲማቲም ተከለች። በበቆሎው ቦታ ላይ ጭምር። ገበሬው በዚያ ሲያልፍ ያያታል። ጎንበስ ብላ ችግኝ ስታስይዝ «እንደምን ዋሉ!» ብላ በደስታ ትጣራለች። አንድ ቀን ቆሞ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ገና ጊዜ ነበረ፣ በቆሎ ይደርስ ነበር። ደስታዋን ማጥፋት ከበደውና አለፈ።

ችግኙ የተመረጠ ነው፤ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን የተሰጠ፣ በአንድ ሳምንት የተተከለ ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሳምንት ቀላ። ያን ዓመት ብታዪ፣ ወንዙ ዳር ሁሉ ቀይ ምንጣፍ ነበር። ሰው በሣጥን ለቅሞ የፋብሪካውን መኪና መጠበቅ ጀመረ። አንደኛው ቀን ሁለት መኪና መጣ፤ የጥቂት ሰው ተነሳ። በማግስቱ የፋብሪካው መጭመቂያ አንድ ዕቃው ተሰበረ፣ ምትኩ ከውጭ ነው የሚመጣው ተባለ። መኪናው ቀረ። ሦስተኛው ቀን አለፈ። አራተኛው፣ አምስተኛው። የጾም ወራት ነው፤ ከተማው ቲማቲም አጥቶ ይጮሃል፤ ነጋዴው ከኬላው ወዲያ ማዶ አይሱዙውን አሰልፎ ቆሟል። የቀበሌው ሰውና ነጋዴው በዓይን እየተያዩ መገናኘት አልቻሉም።

መበለቲቱ መጨረሻ ላይ ጨነቃት። ከነጋዴዎቹ አንዱን ለምና በጓሮ መንገድ አስገባችውና ማሳዋ ከያዘው ደህናውን ጫነችለት። ኬላው ላይ ያዙት። «እማማ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው» አላት ጠባቂው። «ገበሬው ተስማምቷል። እንዲያውም በስብሰባው ላይ መርቀውታል ብለው ነው የነገሩን።» አይሱዙው ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ። ከሥሩ ቀዩ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ዝንቡ ከሩቅ ይሰማል። እሷም መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየችው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ምን አለ ተረት የሚተርት ሰው ቲማቲም ተክሎ ቢያውቅ!

ገበሬው ይህን ሲሰማ እንደ እብድ ሆነ። በመጀመሪያ ባገኘው መኪና ከተማ ገባ። ከኃላፊው ቢሮ ደጅ ሲያደርሱት ያን ለስላሳ ድምፁን ጥሎ ጮኸ፤ «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ነው ያልናችሁ!» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። ኃላፊው አስቀመጠው፣ ውሃ አስመጣለት፣ ቃለ ጉባኤውንም ገልጦ አየ።

«አባታችን፣ ሦስት ቀን የሚል እዚህ የለም። ያን ዕለት ቢነግሩን አንድ መስመር ናት፣ እዚያው ትገባ ነበር። አሁን ግን ጸድቋል። እኔ ብቻዬን አልሽረውም፤ የሚቀጥለውን ጉባኤ መጠበቅ ነው።»

ከዚያ ወደ ፋብሪካው ሄደ። ሥራ አስኪያጁን በባዶው መጭመቂያ አጠገብ አገኘው። ሳቁ ጠፍቷል፤ ጢሙን ሳይላጭ ሰንብቷል። ገበሬው የሆነውን ሁሉ ነገረው። ወጣቱ ሰማውና ራሱን ያዘ።

«አባቴ፣ ምነው? ምነው ያን ዕለት ዝም አሉኝ?» አለው። «መኪናችን እንደማይበቃ እኔም እፈራ ነበር። ከበላዬ ያሉትን ብለምን ‹ገበሬው ራሱ ያልጠየቀውን አንተ ምን አገባህ?› አሉኝ። ከእርስዎ አፍ አንድ ቃል ብትወጣ እሷን ይዤ እከራከር ነበር። እኔም'ኮ ከስሬያለሁ፤ ከእንግዲህ የማን ገበሬ ነው ለእኔ የሚተክልልኝ?»

ገበሬው አክብሬዋለሁ ያለውን ሰው ነበር እንዲህ ያደረገው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ በቀጥታ ወደ መበለቲቱ ሄደ። ማሳዋ ውስጥ ናት። የበሰበሰውን ለጎረቤት ፍየሎች እየለቀመች ትጥላለች። ከድንበሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ተንበረከከ። እሷ ደንግጣ «ኧረ አያ ቢራራ፣ ኧረ ይነሱ!» አለችው። አልነሳም አለ። «አልተናገርኩም» አላት። «ቃልሽን አልተናገርኩም። ይሉኝታ ያዘኝና መርቄ ተቀመጥኩ። አንቺንም ዋሸሁሽ።»

አትጮህም፣ አትሳደብም። ብትሳደብ ይሻለው ነበር፤ ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ።

«ተናግረው ቢከለክሉን ኖሮ በእነሱ አዝን ነበር» አለችው በመጨረሻ። «እግዜር በድርቅ ቢመታኝም ለእሱ አለቅስ ነበር። አሁን በማን ልዘን፣ አያ ቢራራ? በእርስዎ? እርስዎ'ኮ ደግ ሰው ነዎት።»

ይህን ብላ ወደ ፍየሎቹ ተመለሰች። ክረምቱ ሲገባ ማሳዋን ለሰው የእኩል ሰጠችና ከተማ ሄደች። አሁን አዲስ ከሚሠራ ሕንፃ ሥር አሸዋ ታቀብላለች ይላሉ። ላሚቱ አልተመለሰችም።

ቃሏስ? ቃሏማ በዓመቱ ገባች። ያን የሳቅንበትን አፈ ሻካራ ላክነው። ገና ምሳ ሳይቀርብ ብድግ ብሎ፣ ሰላምታም ሳያበዛ፣ «በሦስት ቀን ካላነሳችሁ ለፈለግነው እንሸጣለን፣ ይህ ካልተጻፈ አንድ ችግኝ አንተክልም» አለ። ጠረጴዛውንም መታው። እኛ በአፍረት አንገታችንን ደፋን። ኃላፊው ግን ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው። የተከራከረ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ እንዲያውም አጨበጨበ። ምሳም ሰጡት፤ አጎረሱትም። አንድ መስመር ናት፣ ትርንጎ። ስትገባ አንድ የሻይ ሰዓት እንኳ አልፈጀችም። መበለቲቱ ግን በዚያን ጊዜ ማሳዋ በሰው በሬ ይታረስ ነበር።

መራቂው ገበሬ አሁንም አለ። አርጅቷል። ሰርግ ሲሆን ይጠሩታል፤ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሰዓቱ ደርሶ ሰው ወደ እሱ ዞሮ ሲጠብቅ ግን «ሌላ ሰው ይመርቅ» ይላል። ልጆቹ ለምነውት ነበር፤ የገዛ ልጁን ሰርግ እንኳ አልመረቀም። እኔ አንድ ቀን ምነው ብለው «አፌን አላምነውም» አለኝ።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ምሳሌው ይሄ ነው፤ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ገበሬው አንቺ ነሽ። መበለቲቱም ያቺ ቅሬታዋን ያስያዘችሽ፣ ድንቿን ጉድጓድ ቀብራ የምትጠብቅሽ ጎረቤትሽ ናት። ሰዎቹ ያከብሩሻል፤ አዎ፣ ከልባቸው ያከብሩሻል። ውሃ ያፈሱልሻል፣ ያጎርሱሻል፣ ስምሽን አንገትሽ ላይ ያንጠለጥሉልሻል። እንዲህ ሲያደርጉልሽ አፍሽን የሚይዝሽ ነገር ይመጣል፤ ካልመጣብሽ የእኛ አገር ልጅ አይደለሽም። እኛ ጨዋነት ብለን ነው ያሳደግንሽ፤ እኔም ራሴ እንዲህ ካስተማሩሽ አንዱ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።

ነውር ነው ወይ አልሽኝ። ስሚኝማ። ይሉኝታ ከራስሽ ጎተራ ስትከፍዪው ጨዋነት ነው። የራስሽን መብት ብትተዪ፣ የራስሽን ጥቅም ብትውጪ፣ እሰየው፣ ተባረኪ እልሻለሁ። ገበሬው ግን የከፈለው ከመበለቲቱ ማሳ ነው። የተሸከማት ቃል የእሱ አልነበረችም፤ የእሱ ብትሆን ሊተዋት ይችል ነበር። የአንቺስ የማን ናት? የተላክሽበት ቃል በሰው ላብ የተገዛ ነው፤ በእሱ ሰውን ማስደሰት አትችዪም፤ ማንም የሰው ዕቃ ስጦታ አድርጎ አይሰጥም። ደግሞ የጠሩሽን ሰዎች አትናቂያቸው። እውነት ቢነገራቸው የሚሰበሩ አድርገሽ ከቆጠርሻቸው የናቅሻቸው አንቺ ነሽ። ያ ወጣት ሥራ አስኪያጅ እስከ ዛሬ «ምነው ዝም አሉኝ?» ይላል። ባልንጀራው ገደል አፋፍ ላይ ሲሄድ አይቶ፣ ላስደነግጠው አልፈልግም ያለ ሰው ባልንጀራ ይባላል?

ተነሽና ሂጂ። ስትመለሺ ጎረቤትሽ መንገድ ላይ ቆማ «ገባች?» ትልሻለች። ያን ጊዜ «ተናግሬያለሁ፣ እምቢ አሉኝ» ብትያት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ግን ቁርጧን ታውቃለች፣ በቆሎ ትዘራለች።